ይድረስ ለክቡር አቶ እስስስ፤ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ፉጨት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ትክክለኛ አድራሻዎን ባውቀው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ራሴ ይዤ፣ ያውም ፒንሳ ጨምሬ አደርስልዎት ነበር። ግን እርስዎ የሚኖሩት ድብ ውስጥ ነው፤ የትኛው የድቡ ክፍል እንደሆነ ደግሞ እንደ ሰዓቱ ይለያያል።

ነገሩ ያልገባው አንባቢ ስላለ ድቡን ላስተዋውቅ፤ እርስዎ እስከዚያው ማፏጨትዎን ይቀጥሉ፣ መቼም አይቆሙም። ድቡ ከበሮ የሚመታ አሻንጉሊት ነው። የሚንቀሳቀሰው በአየር ግፊት ነው፤ እርስዎ ደግሞ አየሩ ሾልኮ ሲያመልጥ የሚሰማው ፉጨት ነዎት። አሜሪካኖች ይህን ጨዋታ የጀመሩት ድሮ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ዲዝኒላንድ የሚባለው መዝናኛ ውስጥ ሰው ሠራሽ ወፎች በአየር ግፊት ምንቃራቸውን እየከፈቱ ዘፈኑ። በ1977 ደግሞ የቪዲዮ ጌም ኩባንያው የአታሪ ሰው ኖላን ቡሽኔል ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ ላይ ፒዛ ቤት ከፈተና፣ ፒዛው እስኪደርስ ልጆቹ እንዳይበጠብጡ የሚዘፍኑ አሻንጉሊቶች አቆመላቸው። ከዚያ ወዲያ ድቡም አይጡም ዘፋኝ ሆነ። የኔው ድብ የዚያ ዘመን ዘር ነው፤ ከአሮጌ የልጆች መጫወቻ ዕቃ ጋር በኮንቴይነር መጥቶ፣ መጫወቻው ሲዘጋ በቁራሌ ዋጋ ተሽጦ፣ ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የተከራየኋት ክፍል ገባ። አንድ ዓይኑ የለም። የፊቱ ላቴክስ ተሰነጣጥቋል። (ቫዝሊን ቀባው ያላችሁኝ ወዳጆች፣ ተዉ! ላቴክስ የተፈጥሮ ጎማ ነው፣ እንዲህ ያለ ቅባት ያላሽቀዋል።)

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር ያምቃል፣ አየሩ በቀጭን ቱቦ ይሄዳል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ ያሳልፈዋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ክንዱ ከፍ ይላል፣ ከበሮው ይመታል። ውስጡ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በ5 ባር ግፊት ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት አለው። ለከበሮ ይተርፋል፤ ጣት መሀል ከገባ ደግሞ ያስለቅሳል።

ይህን ጉልበት ነው እርስዎ የሚዘርፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ በዚሁ ግፊት በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ አየር ታፈሳለች። ደግሞ ያለንበትን አገር ይዩ እንጂ! ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምፕሬሰሬ ጅቡቲ ቢሆን ኖሮ ጠጠር ያለ አየር ይስብ ነበር፤ እዚህ የሚያገኘው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳውን ነው። ያንኑ የሳሳ አየር እያለከለከ ለቃቅሞ ሲያጠራቅም እርስዎ በጓሮ በር ያስወጡታል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እርስዎ ግን እየበሉም ያፏጫሉ።

በእርስዎ ምክንያት ከሰው ጋር ተቀያይሜያለሁ። አየሩ ስለሚያልቅ ኮምፕሬሰሩ ለአፍታ ዝም ይልና እንደገና ይነሳል፣ ሌሊትም ቢሆን። አከራዬ እማማ በር ላይ ቆመው፣

«አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ድብ እየጠገንኩ ነው።»

«ምን?»

«አሻንጉሊት ነው፣ እማማ።»

«ልጅ አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እሱን ተወውና ሚስት ፈልግ!»

ምን ልበላቸው? እርስዎ ባይኖሩ ኮምፕሬሰሩ ጋኑን ሞልቶ ይተኛ ነበር፤ እኔም ስለ ሚስት ምክር ባልሰማሁ።

ባለሙያም አማክሬያለሁ። የሰፈራችን ጎሚስታ ከባጃጅ ጎማ ላይ ቀና ሳይል፣ «ውኃ ውስጥ ንከረው፤ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ እሱ ነው» አለ። ለጎማ ትክክል ነው። የኔ ድብ ግን ቁመቱ የኔን ያህል ነው፤ የሚበቃው ገንዳ ጣና ብቻ ነው። ድብ ተሸክሜ ሐይቁ ዳር ስወርድ የባለ ታንኳዎቹን ፊት አስቡት። አባይ መውጫው አካባቢ ያለው ጉማሬማ ጠብ የመጣበት ይመስለዋል፤ ዕድሜ ልኩን ድብ አይቶ አያውቅማ።

ስለዚህ ኦሞ በውኃ በጥብጬ በቀለም ብሩሽ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ። አንገቱ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ተነፉ። ፈታሁት፣ ቴፍሎን ጠመጠምኩበት፣ አጠበቅሁት። አረፋው ጠፋ። እርስዎ ግን ከወገቡ በታች «እስስስ» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። ሰምዎ የሚሰማው ጀርባው ላይ ካለው ቫልቭ ነው፤ አየሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነዋ። ማንም ሰው ቫልቩን ይከስሳል፣ አዲስ ቫልቭ ይገዛል፣ ገንዘቡን ይበላል። ወርቅዎ ግን ሌላ ቦታ ነው የተኛው። ያወቅሁብዎት መብራት የጠፋ ቀን ማታ ነው። ኮምፕሬሰሩ ቆመ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ቆመ፣ ጋኑ ግን ገና አየር አለው። መብራት ጠፋ ብሎ ደስ ያለው ሰው በሰፈሩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በስልክ መብራት ቀኝ ክንዱን ከፈትኩ። ሲሊንደሩ ላይ ሁለት ቱቦ አለ፤ አንደኛው አየር የያዘው፣ ሌላው በዚያ ሰዓት ባዶ መሆን ያለበት። ባዶውን ነቅዬ አፉ ላይ ጣቴን ጣል አደረግሁ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ! ግቡ አይሉም እንጂ እቤትዎ ነበር የመጣሁት።

በማግስቱ ፒስተኑን ሳወጣው ጎሚኒው፣ አየሩ ከሞላው ወገን ወደ ባዶው እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ምን ሆኖ እንደነበር ያውቃሉ። ክብ የነበረው በአንድ ጎኑ ጠፍጥፏል፣ ደርቋል፣ በጥፍሬ ስጫነው ፍርፋሪ ሆነ። ልኩን የሚመስል ባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ተገኘ፤ ሲሊኮን ግሪስ ቀብቼ መለስኩት። ክንዱ «ጧ!» ብሎ ከበሮውን መታ። እማማም ከግቢው «እሰይ፣ ሰበረው!» አሉ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ከግራ ጉልበቱ ሌላ ፉጨት መጣ። ለካ ዘመድ አለዎት፤ እንደ እምቦጭ አንዱን ሲነቅሉት ሌላው ብቅ ይላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። የሐይቁ እርጥበት ከአየሩ ጋር ይታመቅና ጋኑ ሥር ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ዝገት ይወልዳል፤ የዝገቱ ብናኝ ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ልክ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ለእርስዎ ቤት ተሠራ ማለት ነው። ለዚህ መላ አለኝ፤ ጋኑን በየማታው ከሥሩ ከፍቼ አፈሳለሁ፣ መውጫው ላይም ውኃ ማጥመጃ ገጥሜያለሁ።

የቀረው ማስጠንቀቂያ ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አሮጌው ቱቦ በሙሉ ይወጣል፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ጎሚኒ ይቀየራል፣ የየክንዱና የየእግሩ መስመር ለየብቻው ተዘግቶ የግፊት መለኪያው ላይ ይመረመራል። ቆጣሪዋ ዝቅ ያለችበት ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ አልጠይቅም። ዕቃዎን ሰብስበው ቢወጡ ለሁላችንም ይሻላል።

ግልባጩን ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ አቶ እስስስ የሚባለው እዚሁ ነው የሚያድር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ዘመዶቹም?»

«እነሱም።»

«በል እንግዲህ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ የነሱንም ኪራይ ጨምረህ ትከፍላለህ።»