ለመንግስት በነጻ ስለምንሰራው ስራ

እኛ አዲስ አበባ ጫፍ ያለን የቱሉ ዲምቱ ሰዎች ለመንግስት ስንት ብር እንዳተረፍንለት የሚያውቅልን የለም። ሽልማት አንፈልግም፣ ግን በዜና መሀል ስማችን እንኳን ቢነሳ ምን ነበረበት? ሀገሩ በሙሉ በጀት አነሰ እያለ ሲያለቅስ እኛ የህጻናት ክትባት የጎንዮሽ ጉዳት ክትትልን ሌት ተቀን እየሰራነው ነው፣ ያውም ያለ አበል።

መንግስት የራሱ አለው። ልጅ ተከትቦ አንድ ነገር ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደህ ትናገራለህ፣ ባለሙያዋ ፎርም ትሞላለች፣ ፎርሙ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ይሄዳል፣ ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ክትባቱ ነው ያመጣው፣ አሰጣጡ ላይ ስህተት ነበር፣ ወይስ ልጁ ያን ሰሞን ሌላ በሽታ ይዞት ተገጣጥሞ ነው እያሉ ይመረምራሉ። 8482 የሚባል ነጻ መስመር አላቸው፣ አፕ ሳይቀር አላቸው። ስዊድን ኡፕሳላ የሚባል ከተማ ድረስ የሚሄድ ሪፖርትም አለ አሉ፣ የአለም ጤና ድርጅት የየሀገሩን የመድኃኒት ሪፖርት የሚያጠራቅመው እዛ ስለሆነ። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሰው ይቀጠራል፣ ወረቀት ይታተማል፣ ስልጠና ይዘጋጃል፣ ስልጠና ካለ ደግሞ ሻይና ብስኩት አለ። "በኛ ታክስ እኮ ነው!" ብሎ ተንገበገበ አንዱ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ደረሰኝ ስትጠይቀው ፊቱ የሚለዋወጠው ሰውዬ።

እውነቱን ነው። የኛ አሰራር እያለ ምን አስፈለገ?

ህጻኑ 6 ሳምንቱ ነው በሉ። ታፋና ታፋው ላይ አምስት በሽታ ባንዴ የሚከላከለውን ፔንታና የሳንባ ምች ክትባት ተወግቷል፣ የፖሊዮና የሮታ፣ ማለት የተቅማጥ፣ ጠብታውን ጠጥቷል። ማታ ላይ ሰውነቱ ሞቅ አለ፣ የተወጋበት ቦታ ጠጠር አለ፣ ይነጫነጫል። የሚጠበቅ ነገር ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል፣ መንግስት ቢሆን "ቀላል" ብሎ ያልፈው ነበር። እኛ ግን እንዲህ አይነት ግድየለሽነት አልፈጠረብንም። የፊት ለፊቷ ጎረቤት ጥሬ ድንች ቆርጣ ከች ትላለች፣ ሌላዋ ቅቤ ይዛ፣ የግራውንዷ እትዬ ደግሞ ባዶ እጇን ትመጣና "የእህቴም ልጅ ልክ እንዲህ ነው የጀመረው" ብላ ትቀመጣለች። ቡና ይፈላል። አቦል ላይ ልጁ አተኩሶታል፣ ቶና ላይ አንቀጥቅጦታል፣ በረካ ላይ አንድ እግሩን አያንቀሳቅስም። ልጁ እዛው አጠገባቸው ጡቱን እየጠባ በሁለቱም እግሩ የእናቱን ሆድ ይራገጣል።

ጠዋት ባጃጅ ተራ ላይ ሶስት ልጆች ሆነዋል። ማታ ቴሌግራም ላይ "ሳይጠፋ ሼር አድርጉት" የሚል የሴት ድምጽ እያለቃቀሰ ይናገራል፣ በነጋታው ዱባይና ቤሩት ያሉ እህቶቻችን ደውለው እናቶቻቸውን "ህጻኑን እንዳታስከትቢው!" ይላሉ። የትኛው ቢሮ ነው በዚህ ፍጥነት ከአንድ ታፋ ተነስቶ ሶስት ሀገር የሚያዳርሰው?

ፎርማችንም ቢሆን አያንገላታም። የመንግስቱ የክትባቱን አይነት፣ የባች ቁጥሩን፣ ማለት ባንድ ዙር የተመረተበትን ቁጥር፣ መቼ ኤክስፓየር እንደሚያደርግ፣ በስንት ሰአት እንደተወጋና ምልክቱ በስንት ሰአት እንደጀመረ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ካንድ ባች ብዙ ተመሳሳይ ነገር ከመጣ ያንን ባች ለይቶ ለማቆም ነው ይላሉ። ጣጣቸው። የኛ የሚጠይቀው የማን ልጅ ነው፣ ማን አይቶት ነው፣ ፈረንጅስ ምን አስቦ ነው በነጻ የሚሰጠን፣ በቃ። ስለ ቀንና ሰአት የክትባት ካርዱን እንዳንመለከት ደግሞ ጀርባው ላይ የእቁብና የጤፍ ሂሳብ ተጽፎበት እቁብ ሰብሳቢዋ ጋ ነው ያለው።

ከጤና ጣቢያ በኩል የሚደረግልን ትብብርም ሳይመሰገን አይታለፍም። ስም አልጠራም። አንዷ እናት ከቢሲጂ፣ ከሳንባ ነቀርሳው ክትባት በኋላ የልጇ ብብት ስር እብጠት ወጥቶባት ጨንቋት ሄደች፣ "ያለ ነው፣ ይጠፋል" ተባለች። ለነገሩ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፣ ግን መመዝገብ የነበረበት ነገር ነው። ፎርሙስ? ፎርሙ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አለቃው ጋ ነው፣ አለቃው ስለ ሪፖርት አደራረግ ስልጠና ሄዷል። ነርሷም አትወቀስም፣ አንድ ፎርም ሞልታ ብትልክ መጀመሪያ የሚጠብቃት "አንቺ ምን አጥፍተሽ ነው?" የሚል ጥያቄ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ዜሮ ይላካል። በሚቀጥለውም ዜሮ። ክትባት አለም ላይ በሄደበት ሁሉ አንዳንዱን ልጅ ሲያተኩስ እኛ ጋ ብቻ ንክች አያደርግም፣ አየሩ ይሆናል። ብዙ ሪፖርት መጣ ማለት ክትባቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው የሚል አንድ ባለሙያ ወዳጅ ነበረን፣ አሁን ቡና አንጠራውም።

አሜሪካኖች ግን ያሳዝኑኛል። በፈረንጆች ከ1990 ጀምሮ ቬርስ የሚሉትን የክትባት ጉዳት መመዝገቢያ በመንግስት ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ፣ ሀኪሙም ወላጁም ክትባቱ ማምጣቱን እርግጠኛ ባይሆን እንኳን ይጽፋል። ከየዶዙ ላይ በሚከላከለው በሽታ ቁጥር 75 ሳንቲም፣ የዶላር ሳንቲም ነው የምላችሁ፣ እየቆረጡ ለተጎዳ ሰው ካሳ ይከፍላሉ። በፈረንጆች 1999፣ አዲስ የሮታ ክትባት ይዘው ብቅ ካሉ አንድ አመት ሳይሞላቸው፣ አንጀት አንጀት ውስጥ እየገባ ይዘጋል የሚል 15 ሪፖርት ቢደርሳቸው ሀምሌ ላይ ክትባቱን ቀጥ አደረጉት፣ አመቱ ሳያልቅ አምራቹ ከገበያ አወጣው። 15! እኛ ጋ 15 ሰው እኮ አንድ ጀበና አይሞላም። ከዛ በኋላ የመጡት ሁለቱ ዋና የሮታ ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60 ሺ በላይ ህጻናት ላይ ተፈትነው ነው የወጡት፣ ሮታ ወደኛ ሀገር የገባውም ከዚህ ሁሉ በኋላ በፈረንጆች 2013 ነው። እኛ ብንሆን ወይ ማንም ሳይሰማ ዝም ብለን እንቀጥል ነበር፣ ወይ ሁሉንም ክትባት ባንድ ላይ እንተው ነበር፣ ሁለቱም ወረቀት አይፈጅም።

8482ን ደግሞ የጎዳው ነጻ መሆኑ ነው። መኪና ያስሸልማል ለተባለ ቁጥር በየቀኑ ብር እየተቆረጠብን ኤስኤምኤስ የምንልክ ሰዎች ነን፣ ነጻ ነገር ላይ እምነት የለንም።

ክፉ አሳቢዎች "የናንተም እኮ ወጪ አለው" ይላሉ። ድምጹ በተሰራጨ ሰሞን ሰው ፈርቶ 9 ወር የሞላውን ልጁን ለኩፍኝ አያመጣም፣ የ15 ወሩን ሁለተኛውንማ ማን አስታውሶት። ለ10 ልጅ የሚሆን ብልቃጥ ተበጥብጦ ሁለት ልጅ ብቻ ይመጣል፣ ከ6 ሰአት በላይ ስለማይቆይ የስምንቱ ይደፋል። ቆይቶ ኩፍኝ ሲገባ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ከዛ ዘመቻ፣ የዘመቻ መኪና፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ሜጋፎን፣ አበል። ይሁን፣ ግን ያ ሁሉ የሚወጣው ከሌላ የበጀት ኮድ ነው፣ በኛ ስም የተጻፈ አንድ ብር ካለ ኦዲተር ይምጣና ያሳየን።

አንድ ጉድለት ብቻ አለብን ብዬ አምናለሁ፣ የኛ ፎርም ላይ "ልጁ ዳነ ወይ?" የሚል ቦታ የለም። ያ ታፋው ያበጠው ልጅ አሁን ደረጃው ላይ ኳስ እየለጋ የሰው በር የሚሰብር ጎረምሳ ሊሆን ነው፣ ድምጹ ግን እስካሁን ይዞራል፣ ልጆቹም ሰባት ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት እናትየው ራሷ ላከችልኝ፣ "ጎረቤት ነን ብዬ ነው፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ" ከሚል ጋር።