ለቀባሪ ፈቃድ አለው፤ ለጧሪስ?

ባለፈው ጥር እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። አስታማሚ እኔ ነበርኩና መሥሪያ ቤት ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ ክፋት የላትም። ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «የዓመት ዕረፍትህ እኮ አልቋል። ሐዘን ቢሆን ሦስት ቀን ነበረህ» አለችኝ። ያለችው ነገር ወዲያው ጆሮዋ ገባና «ወይኔ! ክፉ አይንካቸው!» ብላ አማተበች። ሁለታችንም ሳቅን። ምን እናድርግ?

ልጅቱ አልተሳሳተችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ወላጁ፣ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው ሲሞትበት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል። ሚስቱ ስትወልድም ለአባትየው ሦስት ተከታታይ ቀን አለ። ወላጅ አልጋ ላይ ሲውል ግን ለዚያ ተብሎ የተጻፈ ፈቃድ የለም። ቢበዛ ከባድ ችግር ገጥሞኛል ብሎ ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ቀን መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አያልፍም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቀለብ ሲልም ከእህሉ ጋር መጠለያው፣ ልብሱና ሕክምናው አለበት። አንዱ ሕግ ወላጅህን ጡር ይለኛል፣ ሌላው በምን ሰዓት እንደምጦር አልነገረኝም።

ዕድራችንም ቢሆን ከሕጉ አይሻልም። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑ ከሰዓት በፊት ተተክሎ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ደርሶ ነበር። ባልደረቦቼ በሰርቪስ መጥተው አብረውኝ አለቀሱ። ዛሬም ውለታቸውን አልረሳም። እናቴን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ድንኳን የሚተክልልኝ አልመጣም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብለን እየተመረቅን አድገን፣ ሥርዓት ያበጀነው ለቀባሪው ብቻ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የቀጠሮ ቀን እናቴን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን ወገቧን በነጠላ እናስርና፣ እኔ ከኋላ የጥበቃው ልጅ ከፊት ሆነን እናወርዳታለን። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ታስቆመናለች። «ደከማችሁ፣ እስቲ ተቀመጡ» ትለናለች፣ ያለው ወንበር እሷ የተቀመጠችበት አንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ። ሌሊት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጥናት ጎኗ ይቆስላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣውም ሌሊት ስለሆነ አንሶላው የሚታጠበው ያኔ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጆቹ ይነሳሉ፤ ምሳ ዕቃ፣ ያልተሠራ የቤት ሥራ፣ የጠፋ ካልሲ።

«እናገላብጣለን» እያልኩ ነው የምጽፈው። እውነቱን ልናገር፤ ከአምስት ሌሊት አራቱን የምትነሳው ባለቤቴ ናት። የራሷ እናት ደሴ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ በወር የምንልክላቸው ነገር መድኃኒታቸውን አይሞላም። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ምርቃቱ የሚወርደው እኔ ላይ ነው፦ «ተባረክ የኔ ልጅ፣ አንተንም ጧሪ አያሳጣህ!» ባለቤቴ ያኔ ጓዳ ቡና እያፈላችላቸው ነው። አሜን እላለሁ፣ ግን አፍራለሁ።

ትረዳን የነበረችው ልጅ አምና ወደ ዓረብ አገር ሄደች። እኛ ቤት ስትሠራ የራሷን ልጅ ያሳደጉላት ገጠር ያሉት እናቷ ነበሩ። የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ውስጥ ጭራሽ የለችም፤ በሌላ ደንብ ይታያል ተብላ ከውጭ ቀርታለች። የኛን ድካም ተሸክማ የቆየችው ከሁላችንም ያነሰ መብት ያላት ሰው ነበረች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ የሁሉም ሰው ቤት ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የደመወዝ ግብር የቤተሰብ ብዛት አይቆጥርም። ብቻውን የሚኖር ወንደላጤና ስድስት ሰው የሚያበላ አባወራ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ የሚቆረጥባቸውም እኩል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በግል ድርጅት አናጺ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ስለሆነ አልደረሰበትም፤ ለእናቴ የተረፈ የጡረታ ደብተር የለም። የእናቴ ጡረታ እኔ ነኝ። የእኔ ጡረታ ማን እንደሚሆን እንጃ፤ ልጆቼን ሳይ ይህን ዕዳ ላወርሳቸው አልፈልግም።

ወላጅን መጦር በረከት እንጂ ሸክም አይባልም የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እናቴ በረከቴ ናት። አራት ፎቅ ደረጃ ግን በረከት አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቶ ቢሮ መግባትም እንዲሁ። የምጠይቀው የሰማይ ኮከብ አይደለም፦ የሐኪም ወረቀት ላመጣ ሠራተኛ ወላጁን የሚያስታምምበት ጥቂት ቀን ከነደመወዙ፣ ከዕድሩ ካዝና ደግሞ በቁም ላለ ሰው የሚሆን ትንሽ ድርሻ። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ሕመምተኛና ወላጅ አልባ ልጆችን የደገፉ ዕድሮች ነበሩ፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም።

በዕድራችን ስብሰባ ላይ ይህንኑ አነሳሁ። አንድ አዛውንት ተነስተው «ይህ ገንዘብ የተዋጣው ለሞት ነው» አሉ፤ ብዙዎች አጨበጨቡ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ይታያል ተብሎ ተዘጋ። ስንወጣ አዛውንቱ ክንዴን ያዙኝና «እናትህን የምታወርዷት መቼ መቼ ነው?» አሉኝ። ሐሙስ አልኳቸው። ሐሙስ ጠዋት የልጅ ልጃቸው በር አንኳኳ፣ የወንበሩን አንድ እግር ሊይዝ።