142857 እና የዕድራችን ኮሚቴ

ዕድራችን ምርጫ ባደረገ ቁጥር 142857 ትዝ ይለኛል። በ2 አባዙት፤ 285714 ይሆናል። በ3 ደግሞ 428571። በ4፣ 571428። በ5፣ 714285። በ6፣ 857142። አንድም አዲስ ፊት የለም! ሰልፉ እንኳ አልተበጠሰም፤ ከፊት የነበረው ሄዶ ከኋላ ይቆማል፣ በቃ።

የኛም ኮሚቴ ስድስት ሰው ነው። ዳኛው ወረዱ ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ገንዘብ ያዥ ሆነው ብቅ ይላሉ። ጸሐፊው ዳኛ ይሆናል፣ ንብረት ያዡ ጸሐፊ። የጠፋው ብረት ድስት ግን እንደጠፋ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ ከጎኔ የሚቀመጡት እናት፣ እጃቸውን ለድምፅ እያወጡ።

አንዳንዴ ኮሚቴው ለሁለት ተሰነጠቀ የሚል ወሬ ይናፈሳል። 142 በአንድ ወገን፣ 857 በሌላ ወገን። ደምሯቸው፤ 999። ኦዲተር የመጣ ዕለትማ ተዉት። ቁጥሩን በ7 ስታባዙት 999999 ይመጣል፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ ማለት ነው። በ8 ሲባዛ 1142856 ይሆንና አንዱ አኩርፎ የወጣ ይመስላል። ያንን ከፊት የተነጠለውን 1 መጨረሻ ላይ ካለው 6 ጋር ስትደምሩት ግን ያው 142857። ሽማግሌ ተልኮበት ተመለሰ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። 1ን ለ7 አካፍሉ፤ 0.142857142857 እያለ ማለቂያ የለውም። ለ7 ሲካፈል ሊተርፍ የሚችለው ከ1 እስከ 6 ያለው ብቻ ነው። እነዚህ ስድስት ቀሪዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ከዚያስ? ሌላ ስለሌለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሰው እጥረት ነው የሚዞረው!

የኛም እንደዚያው ነው። ጉባኤው ላይ «እነዚህ ሰዎች ሰለቹን!» ብሎ የሚጮኸው ሰውዬ፣ «እሺ፣ እርስዎን እንጠቁም» ሲባል ያልጠራ ስልክ አንስቶ «ሃሎ!» እያለ ይወጣል። አንዱ ስኳር አለብኝ ይላል። አንዷ ወደ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው ትላለች፤ ዘንድሮም እንደ አምና። እነ 0፣ 3፣ 6 እና 9 ከ142857 ውስጥ አንድ ቀን ዝር ብለው አያውቁም። እንደነሱ ያለ አባል ሞልቶናል። መዋጮውን በሰው ይልካል፤ ሐሜቱን ግን በአካል ተገኝቶ ነው የሚያወርደው።

አሁን ደግሞ ኮሚቴው ይስፋ የሚል ሐሳብ መጥቷል። በሒሳቡ ዓለም ይህም ተሞክሯል። 1ን ለ17 ስታካፍሉ 0588235294117647 የሚል 16 አሃዝ ያለው ሰልፍ ይወጣል። እሱም ከ1 እስከ 16 በፈለጋችሁት አባዙት፣ መዞር ብቻ ነው። አባላቱ በርክተዋል፣ አይካድም። ሰብሳቢ ሆኖ ከፊት የተቀመጠው ግን ዜሮ ነው።