ኧረ ያንን ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጡልን!

መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ ቀለለ፣ የባሕር ዳር ሳይክል ሁሉ ክረምት ያተረፈለትን ዝገት ይዞ ወደ ጥገና ወጣ። እና ያው እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው፦ ሳይክሉ ይገለበጣል፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይቀደዳል፣ መሪውና ቸርኬው እስኪነጣ ይፈገፈጋል። እንዴት ነው ዝም የሚባለው? ስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ችሎ የኖረ ክሮም በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ባለቤቱም «ጸዳልኝ» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሳይክሉ ከበፊቱ የባሰ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ ጣና ላይ ይለጠፋል። «የሐይቁ አየር ነው፣ ጨው አለው» ይባላል።

ጣና ጨዋማ ሐይቅ አይደለም ወገን! የምንጠጣው፣ ዓሣ የምናሰግርበት፣ አባይ የሚወጣበት ጣፋጭ ውሃ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ነው፤ ውጭ ያደረ ሳይክል ጠዋት መሪው ጤዛ አዝሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጨዉን የምናመጣው እኛ ነን፦ የእጃችን ላብ፣ ከኋላ የምንጭነው ጨው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ያነጣል» ተብሎ የሚፈስበት በረኪና። በረኪና ልብስ ያነጣል እንጂ ዝገት አያነጣም። ውስጡ ያለው ክሎሪን በክሮሙ ቀዳዳ ገብቶ ብረቱን ይበላዋል።

ነገሩን ለመረዳት ክሮም ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ክሮም ራሱ አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። ሳይክል ላይ ያለው የክሮም ልባስ ውፍረቱ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ብረቱን ከውሃ የሚጠብቀው ከክሮሙ ሥር የተነጠፈው ኒኬል ነው፤ እሱም በደህና ሥራ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው። አሁን 80 ቁጥሩን ወረቀት ተመልከቱት። ላዩ ላይ ያለችው አንዷ ቅንጣት 200 ማይክሮን ገደማ ትሆናለች። ከክሮሙና ከኒኬሉ ድምር አሥር እጥፍ! ያንን ይዞ ሃያ ደቂቃ መፈግፈግ መጥረግ ነው ወይስ መላጥ?

በዚያ ላይ አብዛኛው የምናየው ዝገት ላዩ ላይ የተኛ ነው። ውሃው በመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ይገባል፤ ዝገቱ በዚያችው ይወጣና እንደ ፈሰሰ ሻይ ክሮሙ ላይ ይዘረጋል። የጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ ነጠብጣብ ስታነሱት ከሥሩ የምታገኙት የሚያበራ ክሮምና መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። የተጎዳው እሷው ብቻ ናት።

ስለዚህ እጃችሁን ከመሰንዘራችሁ በፊት እዩ። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁና ብርሃን ላይ አዙሩት። ቡናማ ነጠብጣብ ከሆነ ይድናል። ሞቅ ያለ ቢጫ ቀለም ያለው የሚያበራ ቦታ ካለ ክሮሙ አልቆ ኒኬሉ ወጥቷል ማለት ነው፤ እሱን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ንኩት። አብጦ ወይም እንደ ቅርፊት ተነስቶ በጥፍር ሲነኩት የሚላቀቅ ከሆነ ግን ያ ቦታ በመፈግፈግ አይመለስም። የተላጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ እጅ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጉ።

ለነጠብጣቡ የሚያስፈልገው ኩሽና ውስጥ ያለው የአልሙኒየም ፎይል ነው። አዎ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት! መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጨምድዳችሁ ውሃ አስነክሩና ሳትጫኑ አሹት። አልሙኒየም ከክሮም እጅግ የለሰለሰ ስለሆነ አይቧጭረውም፤ ዝገቱን ግን ያነሳዋል። ውሃው ወደ ጥቁር ግራጫ ጭቃ ሲለወጥ ሥራው እየሠራ ነው፤ በጨርቅ ጥረጉ፣ ፎይሉ ሲበጣጠስ ቀይሩ። ለአንድ መሪ አራት አምስት ቁራጭና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ቸርኬ ጊዜ ይወስዳል፣ በየሽቦው መሐል በጥርስ ብሩሽ መግባት ስላለበት። ዝገቱ ግትር ከሆነ በውሃው ፈንታ አቼቶ ተጠቀሙ።

የደወል ክዳን፣ ዳዶና ሮንዴላ ፈታችሁ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ግን በየ15 ደቂቃው እያወጣችሁ እዩ፣ ከአንድ ሰዓት አታሳልፉ። «ይደር፣ ይበልጥ ይጸዳል» ማለት በየቀዳዳው የገባው አሲድ ብረቱን ሲበላ እንዲያድር መፍቀድ ነው። የቸርኬውን ሽቦዎች ደግሞ ፈጽሞ አትዘፍዝፉ። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ከሆኑ ዚንክ የተቀቡ ናቸው፣ አቼቶው ዚንኩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ከአሲድ ሲወጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አለቅልቁት፣ ቀጥሎ በንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ወዲያውኑ አድርቁት። ወዲያውኑ ማለት አሁኑኑ! ከአሲድ የወጣ እርቃን ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ይለብሳል።

አቼቶና በረኪናን ባንድ ዕቃ የሚያቀላቅል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የባትሪ አሲድ የሚቀባውንም እንዲሁ፤ እሱ ኒኬሉንም ብረቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ለዓይንም ለቆዳም አይመለስም። ከሐይቁ ዳር በታፈሰ አሸዋ የሚያሹም አሉ። አሸዋው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰው ጥፋት ከዝገቱ ይብሳል።

ከሁሉም የሚያናድደው ግን የብር ቀለም ስፕሬይ ነው! ዝገቱን ሳያነሱ፣ ቅባቱን ሳይጠርጉ፣ ከላይ ፍስስ አድርጎ «አዲስ ሆነ» ማለት። ቀለም ለስላሳ ክሮም ላይ አይይዝም፣ ከሥሩ ያለው ዝገት ደግሞ መሥራቱን አያቆምም፤ አብጦ ይገፈትረዋል። ቸርኬ ላይ ሲሆን ከማስጠላትም አልፎ አደጋ ነው፤ ፍሬኑ ቀለሙን ይዞ ይንሸራተታል። ልጅ ከኋላ ጭነው የሚሄዱ ሰዎች አሉ እኮ!

ከጸዳ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ የሚዘለለውም እሱ ነው። ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ አድርጋችሁ እነዚያን ጥቁር ነጥቦች አጥግቡ፣ ትርፉን ጥረጉ። መሪውን ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ሞቅ ሲል ንጹህ የንብ ሰም አሹበትና በደረቅ ጨርቅ አለስልሱት፤ ከገበያ የምትገዙት ሰም ይበቃል። ዘይትም ሰምም ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ። የድሮው ፊኒክስ ሳይክል የዘንግ ፍሬን ቸርኬውን የሚይዘው ከውስጥ፣ ወደ መሐል በሚያየው ገጽ ነው፤ የሽቦ ፍሬን ያላቸው ደግሞ ከግራና ከቀኝ ጎን።

የተጠቀማችሁበትን አቼቶ ወደ ቦይ አትድፉት። ብረትና ኒኬል ሟሙቶበታል፣ የከተማው ቦይ ደግሞ መድረሻው ሐይቁ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል። አረፋው እስኪቆም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት፣ ዝቃጩን በጨርቅ አጥልላችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።

ማታ ሳይክሉን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የምታሳድሩም፣ ተዉ። ላስቲኩ ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፤ ጠዋት ስትገልጡት ክሮሙ ላይ ውሃ ይወርዳል። በረንዳ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት፣ ሳይሸፈን ይደር።