ያ የሕፃኑና የጥንብ አንሳው ፎቶ ወሎ ላይ አልተነሳም

ሰሞኑን አንድ ፎቶ "በ77ቱ ድርቅ ወሎ ላይ የተነሳ" እየተባለ ሲዞር አያለሁ። መሬት ላይ የተደፋ የከሳ ሕፃን፣ ከኋላው ጥንብ አንሳ። የምታጋሩት አዝናችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ቦታውም ዘመኑም ልክ አይደለም።

ፎቶውን ያነሳው ደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ካርተር ነው። ቦታው አዮድ ይባላል፤ ያኔ ሱዳን፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን። ኒው ዮርክ ታይምስ ያተመው ማርች 26 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ነው። ከ77ቱ ረሃብ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። የእኛን ረሃብ ለዓለም ያሳየው በዋናነት ቴሌቪዥን ነበር፤ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ቢቢሲ በኦክቶበር 1984 ያሰራጨው ዘገባ።

መምታታቱ አይገርመኝም። የዚያን ጊዜ የውጭ ሚዲያ የአፍሪካን ረሃብ በአንድ ሕፃን ምስል ማሳየት ይቀናው ነበር። ፎቶው ላይ አገሩን የሚናገር ምንም ነገር የለም። ስለዚህ የየትም ይመስላል።

ስህተቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አዮድን ያስራበው በዋናነት የእርስ በርስ ጦርነት ነው። "የወሎ ድርቅ" ስንለው ጦርነቱ ይሰወራል፤ የደቡብ ሱዳኖችም መከራ ስሙን ያጣል።

ማጣራት ለሚፈልግ፦ የፑሊትዘር ሽልማት ድረ ገጽ ላይ የ1994ን የፊቸር ፎቶግራፍ አሸናፊ ይመልከት። ቀድሞ ያጋራ ሰው የቦታውንና የዓመቱን ጽሑፍ ቢያስተካክል ይበቃል።