«ማኔጅመንቱን ብቻ ነው የምነግራቸው»

ሰሞኑን አጎቴ ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ ከተማ ደውለው እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምን እያጠና እንደሆነ ጠየቁኝ። ጎልፍ ማኔጅመንት ጋሼ አልኳቸው። ዝም። «ጎልፍ የጀርመኗ መኪና?» አይ ጋሼ ጨዋታው ነው፣ ሜዳ ላይ በዱላ የሚመቱት። ደግሞ ዝም፣ ከዛ «ማኔጅመንት አለበት አይደል? ሰው ሲጠይቀኝ ማኔጅመንቱን ብቻ ነው የምነግራቸው» ብለው ወደ ዝናቡ ወሬ ገቡ። እንግዲህ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ልጁ ባንክ ሊመራ ነው ብሎ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ስቄ ስቄ ሳበቃ ግን አናደደኝ። ነገርየው ቀልድ አይደለማ! ትምህርቱን ሚሺጋን የሚገኘው ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው በ1975 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ፒጂኤ ከሚባለው የጎልፍ ባለሙያዎች ማህበር ጋር ሆኖ፣ አሁን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሂሳብ አያያዝ አለ፣ ማርኬቲንግ አለ፣ ውድድር ማዘጋጀት፣ ጀማሪ ማሰልጠን፣ ምግብና መጠጥ፣ ሳሩ ሳይቀር ይጠናል፣ ክለቡ ሱቅ ውስጥ ስንት ሸሚዝ ታዝዞ ስንቱ እንደሚሸጥ ሳይቀር። መጫወትም አለባቸው፣ የመጫወት ፈተና ተፈትነው የተወሰነ ውጤት ካላመጡ የማህበሩ አባል መሆን የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፣ አፓረንቱ ነው፣ የስራ ላይ ልምምዱ። 16 ወር! በትምህርታቸው መሃል 16 ወር ሙሉ የጎልፍ ክለቦች ውስጥ እየተከፈላቸው ይሰራሉ። ይሄ የእህቴ ልጅ ገና ሳይመረቅ ደንበኛ ሲጮህበት ምን እንደሚል ያውቃል፣ የሰራተኛ ፕሮግራም ያወጣል፣ የጠዋቱ ዝናብ ስንት ብር እንዳሳጣቸው አስልቶ ይነግርሃል።

እኔስ? እኔም እኮ ማኔጅመንት ነው ያጠናሁት ወገን፣ ያውም ያለ ጎልፍ፣ አጎቴ በኩራት የሚያወሩለት ንጹሁ ማኔጅመንት። አፓረንት ብለው የትብብር ደብዳቤ አስይዘው የላኩኝ መስሪያ ቤት ውስጥ ስራዬ ፋይል ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ማዛወርና ለኃላፊው ሻይ ማዘዝ ነበር፣ የመጨረሻ ቀን ማህተም መቱልኝና «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ግምገማ ሰጡኝ። ምኔ ነው በጣም ጥሩ? ሻዩ? ከዛ ተመርቄ ደብረ ብርሃን የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ሳነብ ሁሉም ሁለት ዓመት የስራ ልምድ ይላል፣ ሶስት ዓመት ይላል፣ ልምዱን የት ነው የምገዛው? ዜሮ ዓመት የሚል የወጣ ቀን ደግሞ ሰልፉን አይቼ ተመለስኩ። አሁን እዚህ ጎልፍ ክለብ ውስጥ ጋሪ አጥባለሁ፣ አለቃዬ የእህቴ ልጅ የሚማረውን ትምህርት የጨረሰ ልጅ ነው፣ ስራውን አሳምሮ ያውቃል፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀኝ።

ደሞ ሳር መጠበቅ እውቀት ነው ብሎ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አለብኝ እንዴ? የመንዝን የሳር ምድር ጓሳን እኮ ያቆዩት አያቶቻችን ናቸው። አባ ቀራ የሚባል የሳሩ ኃላፊ ተሹሞ፣ ሳሩ ለሶስትም ለአምስትም ዓመት ተዘግቶ፣ የደፈረ በከባዱ እየተቀጣ፣ ከዛ ተከፍቶ ቤት መክደኛውን ሁሉም በስርዓት ያጭዳል። ይሄ ለመቶዎች ዓመታት የሰራ አስተዳደር የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፣ በፈረንጅ ሲቆጠር ያው 1975፣ ሚሺጋኖቹ የሳር ሜዳ የሚያስተዳድር ሰው በዲግሪ እናውጣ ያሉበት ዓመት መሆኑ ነው። እርግጥ ህዝቡ ኋላ ላይ መልሶ ተደራጅቶ ይኸው ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አለ፣ ሎጅም ተሰርቷል። ግን አጎቴን ሎጅ ማስተዳደር የሚማር ልጅ አለኝ ብላቸው አሁንም ማኔጅመንቱን ብቻ ነው የሚያወሩት፣ አውቃቸዋለሁ።

ትናንት ደግሞ የአጎቴ ሚስት ደወሉ። ወሬው ደርሷቸዋል፣ እሳቸው እንደ ባላቸው አያፍሩም። «ያንን የኛን ልጅ ለምን እዛው አታስገባልኝም?» አሉኝ። እትዬ፣ ክፍያው አይቀመስም፣ ደሞ ሲገቡም አስቀድሞ ጥሩ ተጫዋች መሆን አለበት፣ የፈረንጅ ልጆች ከህጻንነታቸው ጀምረው ነው የሚለማመዱት፣ ልጁ የጎልፍ ዱላ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ብዬ ብዙ አስረዳኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ በገና ጨዋታ ሩሯን ሲመታ አላየኸውም እንዴ? ይልቅ ቅጹን ላክልኝ» ብለው ዘጉት።