ጊቤም በብድር ነው የተሠራው

እሑድ ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ አራት አምስት ሆነን ጅማ አጂፕ አካባቢ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ክርክሩን የጫረው ቡና ነጋዴው ነው። «ይቺ አገር መበደር ብታቆም ኖሮ ብር እንዲህ አይረክስም ነበር። ቤቱን በብድር የሚያስተዳድር አባወራ የት ይደርሳል?» አለ።

ጡረታ የወጡት መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፣ ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ሥራ የጀመረው በምን ገንዘብ ይመስልሃል? 184 ሜጋ ዋቱ ውስጥ የዓለም ባንክ ብድር አለበት። ጊቤ ሁለትም 220 ሚሊዮን ዩሮ ከጣሊያን ተበድረን ነው የተሠራው። ሳይበደር ግድብ የገነባ ደሃ አገር ካለ ንገረኝ።»

«ያኔ የተበደርነው መቼ ተከፈለና ጋሼ? ተሰረዘልን እኮ!» አለ ነጋዴው።

ይህስ እውነት ነው። ኢትዮጵያ ዕዳ የከበዳቸው ደሃ አገሮች የሚገቡበትን የስረዛ መርሐ ግብር ያጠናቀቀችው በዚያው በ1996 ነው፤ በ1998 ደግሞ የዓለም ባንክ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እና የአፍሪካ ልማት ባንክ ተጨማሪ ሰረዙ። መምህሩ ግን ነገሩን ለራሳቸው ክርክር አዋሉት። ዕዳው ሲቃለል ነው ጤና ኬላውም ትምህርት ቤቱም የተስፋፋው፤ በ1988 ከሕዝቡ 45.5 ከመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበር፣ በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል አሉ።

ባንክ የምትሠራው ልጅ እስከዚያ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። «ስለ ብድሩ ብዛት ብቻ ነው የምትከራከሩት፤ ብድር ሁሉ ግን አንድ አይደለም» አለች። የዓለም ባንኩ ረጅም ጊዜ የሚሰጥ፣ ወለዱም እጅግ ያነሰ ነው። በ2007 ከውጭ ገበያ በቦንድ፣ ማለትም የዕዳ ሰነድ ተሸጦ፣ የተወሰደው 1 ቢሊዮን ዶላር ግን ወለዱ 6.625 ከመቶ ነበር፤ ዋናው ገንዘብ ደግሞ በአሥር ዓመቱ በአንድ ጊዜ የሚመለስ። ለስኳር፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኤሌክትሪክ መስመር ተባለ። ብዙዎቹ የስኳር ፋብሪካዎች በቀጠሯቸው አላለቁም፤ የዕዳው ቀጠሮ ግን አልዘገየም። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት «አበዳሪዎችን በእኩል ዓይን ለማየት ነው እንጂ ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም» አለ። ነጋዴው ይህን ፈጽሞ አልተቀበለም።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አሰላችልን። ያ ወለድ ዶላር 57 ብር ሳለ 1.9 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ120 ብር ሲሰላ ወደ 4 ቢሊዮን ይጠጋል። አንድ ዶላር እንኳ ሳንጨምር ማለት ነው።

«ቢሆንም ምንዛሪው መለቀቁ ለቡና ጠቅሟል፤ ልዋሽ አልችልም» አለ ነጋዴው።

እዚህ ላይ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ተቆጣች። «ለአንተ ጠቅሞሃል። ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን፣ ሸጦ ጨርሶ ሐምሌን እህል እየሸመተ ለሚያልፍ ገበሬ ምን ጠቀመው? ማዳበሪያውም መድኃኒቱም የሚመጣው በዶላር ነው። ማዘዣ ይዘው ‹ከሦስቱ የትኛው ቢቀር ይሻላል?› ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

መምህሩ አይኤምኤፍ ራሱ በ3.4 ቢሊዮን ዶላሩ የብድር ስምምነት ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሆች የሚሰጠው ድጋፍ፣ እንዲጠናከር መጠየቁን አነሱ። እሷም «ወረቀቱን አልጠላሁም ጋሼ፤ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ልየው» አለች። ነጋዴው ደግሞ ወደ ግብር ዞረ፤ መዝገብ የያዘ ሰው እየተደጋገመ ይጠየቃል፣ ያልያዘው ያልፋል፣ አገሪቱ ከምታመርተው የምትሰበስበው ግብር ድርሻ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው እንኳ አንሷል አለ። በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

እኔ ከሁሉም ይበልጥ የተስማማሁት ከነርሷና ከባንክ ሠራተኛዋ ጋር ነው። የነጋዴው የአባወራ ምሳሌ አያስኬድም፤ አባወራ ግብር አይሰበስብም፣ ለሃምሳ ዓመት የሚያገለግል ግድብም አይገነባም። መምህሩ ጊቤን መጥቀሳቸው ልክ ነው፤ ግን ጊቤን በአነስተኛ ወለድና በረጅም ጊዜ ብድር መሥራትና ዶላር መቼ እንደሚያስገባ ላልታወቀ ፋብሪካ በአሥር ዓመት የሚመለስ የገበያ ገንዘብ ማምጣት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ሁለተኛው ውሳኔ ስህተት ነበር። የከፋው ደግሞ ስህተቱን ያልወሰነው ሰው፣ ያቺ ማዘዣ የያዘች እናት፣ በዋጋ ንረት እየከፈለችው መሆኑ ነው።

በ2017 ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ የዕዳ ክፍያውን ለማሸጋሸግ ተስማምቷል። ይህ የተገኘ እፎይታ ነው። ታዲያ ያን ያህል ክፍያ ከተላለፈ፣ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ? የምክር ቤት አባሎቻችን ዓመታዊው በጀት ሲጸድቅ ለዕዳ ክፍያ የተያዘውንና ለጤና የተያዘውን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እፎይታው ስንቱ ለመድኃኒት፣ ስንቱ ለሴፍቲኔት እንደዋለ መጥተው ለጅማ ሕዝብ በአዳራሽ ይንገሩን። የሚቀጥለው ብድር በየትኛው ገንዘብ፣ በስንት ዓመት፣ በምን ገቢ እንደሚመለስም ከመፈረሙ በፊት ይነበብልን።